የፈረሰኛው አምላክ ሥዕል

ሥዕሉ የለም። ተጠቅልሎ የሚንጠለጠልበት ወጋግራ ባዶውን ቀርቷል።

ከሥሩ የተሰበረ ኮኮናትና ቅቤው ያለቀበት ኩራዝ አለ።

ኢንስፔክተር ሱርታን ቁጢጥ ብሎ አየ። "አባባ ጄታራም፣ ይሄን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔማ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ዛሬ መመለሴ ነው" አለ ሽማግሌው ዘፋኝ። "ሌባ በገዛ ቤቴ አምላኬን ይውሰድብኝ?"

ሚስቱ ጋውሪ በሩ ላይ ቆማ፣ መሸፈኛዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። "እኔም አጨዳ ላይ ነበርኩ።"

ሱርታን የዚሁ መንደር ልጅ ነው። ሥዕሉ ያለበት ያ ሰፊ ጨርቅ ሲዘረጋ መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ይቀመጥ ነበር። ጄታራም መሰንቆውን እየገዘገዘ የፈረሰኛውን አምላክ ታሪክ ይዘፍናል። ጋውሪ ኩራዟን አንስታ የተዘፈነውን ሥዕል ታበራለች፤ ጥቁሯ ፈረስ በብርሃኑ ውስጥ የምትጋልብ ትመስላለች። አሁን በየቤቱ ቴሌቪዥን አለ። የሚጠራቸው የለም።

በዚያ ሰሞን አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ መንደሩን ሲያስስ ታይቶ ነበር። ሱርታን ከተማ ወርዶ ሱቁ ውስጥ ያዘው።

"ሥዕሉ የት አለ?"

"እኔስ ማንን ልጠይቅ? ሽማግሌው ሊሸጥልኝ ቃል ገብቶልኝ የለ! የራሴን ዕቃ ምን ብዬ እሰርቃለሁ?"

"ለማን ልትወስደው?"

"ለሆቴል። መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያምራል።"

ሱርታን ወደ መንደሩ ሲመለስ ማሳውን አየ። ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ካለቀ ሰንብቷል።

ጋውሪን ውጭ አገኛት።

"እማማ፣ የምን አጨዳ ነው?"

ጋውሪ መሸፈኛዋን ይበልጥ ሳበች።

"ሌባ ለአምላክ ኮኮናት ሰብሮ፣ ኩራዝ አብርቶ አይሰርቅም። ይሄ ስንብት ነው።"

መሸፈኛዋን ገለጠች። "ባሌ ለዚያ ነጋዴ ሸጦት ሰካራም ፊት ሊሰቀል ነበር! አንድም ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቱ ቆሜ አላውቅም። ያረጀ ሥዕል እንደ አባቶቻችን ወግ ይሸኛል። ቅዱሱ ፑሽካር ሐይቅ ወስጄ አሰመጥኩት። እሰረኝ።"

ጄታራም ከበስተኋላ ሰምቶ ኖሯል። ሱርታን ይጮሃል ብሎ ጠበቀ።

"ያለ እኔ?" አለ ሽማግሌው። "ማን ዘፈነለት?"

"እኔው ነኛ።"

"በዚያ ድምፅሽ?"

"አንተ ልትሸጠው የነበርከው ሰውዬ ደግሞ ስለ ድምፄ ታወራለህ?"

ጄታራም አንገቱን ደፋ። "የሚሰማን ጠፋ፣ የልጄ እናት። ተጠቅልሎ አይጥ ከሚበላው፣ ሰው ይየው ብዬ ነው።"

ጋውሪ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

"መጨረሻውንስ ዘፈንሽለት?" አለ ጄታራም።

እንባዋ መጣ። "ጠፋኝ። እሱ ያንተ ክፍል ነበር። ግማሹን ብዬ ለውሃው ሰጠሁት።"

ሽማግሌው ገብቶ መሰንቆውን ይዞ ወጣ። "ክሱን ተውልኝ፣ ልጄ። አውቶቡሱ ሳያመልጠን ወደ ሐይቁ እንሂድ።"

"ጂፑ ውስጥ ግቡ" አለ ሱርታን።

"አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ?"

"መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም፣ አባባ። ሁልጊዜ እናቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"