በልጥ የታሰረው ደወል

ይህ የምነግራችሁ ነገር አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም። ካለበት ምላሴ እንደ አሳል ሐይቅ ጨው ይድረቅ። ያላመነ በቦታው የነበረውን ሰው ሁሉ ይጠይቅ፤ ሁሉም እኔ እንዳልኩት ነው የሚመሰክረው።

አቶ ወሰኑ ሞተው የተገኙት በፈረንጆቹ 2009፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ። ሙቀቱ ስልሳ ገብቶ ነበር። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ የጣራ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ይጠቀልል ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ቀኝ እጃቸው ተዘርግቷል። ከጣታቸው እስከ ውኃ ጆጉ አንድ ክንድ አይሞላም።

ያገኛቸው ጎሳዬ ነው፤ የመጦሪያው ዘበኛ። ዘበኛ ሲባል ታዲያ በር ከፍቶ የሚዘጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ፖሊስ ሳለ አርባ ነፍሰ ገዳይ በዓይኑ ብቻ አሳምኗል። አንዱማ ጎሳዬ የጫማውን ክር ሲያስር አይቶ ነው የተናዘዘው።

ጎሳዬ አስከሬኑን አልነካም። ቀና ብሎ የደወሉን ገመድ አየ።

የደወሉ ነገር እንዲህ ነው። አቶ ወሰኑ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ አንድ የነሐስ ደወል ይዘው ወጥተዋል። ደወሉ ኮሪደሩ ላይ፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ ተሰቅሏል። ገመዱ በበሩ ራስጌ አልፎ ትራሳቸው አጠገብ ይንጠለጠላል። እግራቸው አይታዘዝም፤ ሲጠማቸው ይጎትቱታል።

ያን ቀን ግን ገመዱ ወደ ላይ ተስቦ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስሯል። በሁለት እግሩ የሚቆም ሰው ብቻ ነው የሚደርስበት።

"ይሄ ተራ ሞት አይደለም" አለ ጎሳዬ። "ሰው ነው የገደላቸው።"

ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከንዴት ነው።

የመጦሪያው ባለቤት ሐጂ ሙሐመድኑር ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። የሐረር ነጋዴ ናቸው፤ የአገራቸው ሰው ሲያረጅ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብለው ነው ቤቱን የከፈቱት። ከሁለት ወር በፊት የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ በየአልጋው ግርጌ አንድ ቅጽ እንዲሰቀል አዝዞ ነበር። ሠራተኛው "ፊሽ" ይለዋል። በየሁለት ሰዓቱ ውኃ ተሰጥቷል፣ ጎን ተገላብጧል፣ ደወሉ እጅ ይደርሳል፤ ከዚያ ፊርማ።

ተቆጣጣሪው ነገ ተመልሶ ይመጣል።

"ምን ልለው ነው፣ ጎሳዬ?"

"ጥፋተኛውን ይዘው ይጠብቁታል፣ ሐጂ። እስከ መግሪብ ሶላት ይስጡኝ።"

መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ደምመላሽን ያዘው።

"ሽማግሌውን ትጠላቸው ነበር።"

"እሳቸው ሾርባዬን ጠሉት እንጂ እኔ እሳቸውን አልጠላሁም።"

"ምን አሉት?"

"'ከዚህስ ናፍጣ ይሻላል' አሉት።"

"ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"በሰባት ሰዓት የጅቡቲ ሰው የት ይሆናል? ጫት ተራ። ከዚያ ጓደኞቼ ቤት ስቅም ነበር፤ ስድስት ምስክር አለኝ። አንተስ?"

"ጠያቂው እኔ ነኝ።"

ጎሳዬ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ ገና ሳይጠየቅ ለሁሉም ተናግሯል። ቁመቱ በር የማያስገባው፣ ጎራዴ የሚያህል ቢላዋ የታጠቀ ሌባ በአጥር ዘሎ ገብቶ ነበር። ጎሳዬ እስከ አምቡሊ ድረስ በባዶ እጁ አባሮታል። ጫት እንደሆነ ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው።

እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቋጠሮውን ፈታ። ሊቅ ዓይኑ አንድ ነገር ለየ። ገመዱን ከብረቱ ጋር ያያዘው ልጥ ነው፤ የጫት እስር የሚጠፈርበት ልጥ። ገና አልደረቀም።

"ዛሬ ጫት ይዞ እዚህ ቤት የገባ ማነው?"

ደምመላሽ ራሱን አከከ። "ትግስት ስትገዛ አይቻታለሁ። ገርሞኝም ነበር፤ እሷ አትቅምም።"

የመጨረሻዋን ቃል ጎሳዬ አልሰማትም።

ትግስት አስታማሚ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ወደ የመን ልትሻገር ከወሎ ወጥታ ኦቦክ ደርሳ ነበር። ጎሳዬ ነው ከጀልባው አፍ፣ እሱ እንደሚለው ከሻርክ አፍ፣ መልሶ እዚህ ሥራ ያስገባት። ጋሼ ነው የምትለው። ስትጠራ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ፊሹ ላይ ስምንት ሰዓት፣ 'ደወሉ እጅ ይደርሳል' ይላል። ፊርማው ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ስምንት ሰዓት ላይ ገመዱን አይተሻል።"

"አላየሁም። ጠዋት ነው የፈረምኩት።"

"የስምንት ሰዓቱን ጠዋት?"

"የቀኑን በሙሉ ጠዋት እንፈርማለን፤ ሁላችንም። የጫቱ መኪና ጥሩምባውን ከነፋ በኋላ ማን ቆሞ ይፈርማል ብለው ነው ያስተማሩኝ።"

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ወረቀቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

"ዛሬ ጫት ገዝተሻል?"

"ገዝቻለሁ።"

"ከዚያስ?"

ትግስት ጎሳዬን አየችው። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

"ከዚያ ጣራ ላይ ወጥቼ አንሶላ ሳጥብ ዋልኩ።"

"ጫቱንስ የት አደረግሽው?" አሉ ሐጂ።

ትግስት እርጥብ እጇን ደግማ በቀሚሷ ጠረገች።

"ዝምታዋን ይመልከቱ" አለ ጎሳዬ ፈጠን ብሎ። "ነገሩ ተፈቷል። ሽማግሌው በቀን ሃያ ጊዜ ይደውላሉ። ያን ለጋ ጫት ይዞ ምርቃና ሊገባ ለተቀመጠ ሰው ደወሉ ጆሮ ላይ ሚስማር ነው። አንዴ ይታገሱታል፣ ሁለቴ ይታገሱታል። ከዚያ ተነስተው ያስሩታል። ለመግደል ብለው አይደለም፤ ለትንሽ ጊዜ ነው። ከዚያ ይረሱታል።"

ሐጂ ቀስ ብለው ቀና አሉ። "የነበርክበት ይመስል ነው የምታወራው።"

"ልምድ ነው፣ ሐጂ።"

ሐጂ ወደ ትግስት ዞሩ። "ልጄ፣ ነገ ፖሊስ ይመጣል። የመኖሪያ ወረቀት የለሽም። እስር ካለፈሽ ድንበር ነው።"

"እሺ" አለች ትግስት። "ጋሼ ካሉ እሺ።"

ጎሳዬን ጠማው። ውኃ ፈለገ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ውኃ የአቶ ወሰኑ ጆግ ብቻ ነበር። እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው።

ይህኔ ነው ከኮሪደሩ ድምፅ የተሰማው።

እማማ ዙሌይካ ናቸው። ሙቀቱ ሲበረታ አልጋቸው ለንፋስ ተብሎ ከኮሪደሩ ወጥቶ፣ ከአቶ ወሰኑ በር ትይዩ ተቀምጧል። ጃጅተዋል ይባላል። ወንዱን ሁሉ በሞተ ወንድማቸው ስም ዘይድ እያሉ ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ማንም አልጠየቃቸውም።

"ጎሳዬ" አሉ።

በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው።

"ሌባ አልነበረም።"

"እማማ፣ ይረፉ። ይሄ ሙቀት እኮ..."

"ሙቀቱም ያን ያህል አልነበረም። ልጅቷን 'ቶሎ በይ፣ ለጋው ሳያልቅ' ብለህ የላክሃት አንተ ነህ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። አምጥታ ሰጠችህ፤ እዚያ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ፈታኸው። ደወሉ ሦስቴ ጮኸ። በአራተኛው ልጡን እንደያዝክ ተነስተህ ገባህ። ከዚያ በኋላ አልጮኸም።"

ሐጂ ጎሳዬን አዩት። ልጡ አሁንም እጁ ላይ ነው። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ጥርሱ አረንጓዴ እንደሆነ ትዝ ሲለው መዳፉን ጭኖ ከደነው። ትግስት ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፋች።

እማማ ዙሌይካ መቁጠሪያቸውን አነሱ።

"ውኃ ነው የጠየቁህ" አሉ። "መልሰህላቸዋል፣ አልዋሽም። 'ትንሽ ይቆዩኝ፣ ጋሼ ወሰኑ' አልካቸው። በትሕትና ነው ያልከው። እሳቸውም 'እሺ' አሉህ።"