ቀለበቱ ሲጠብ

የቻናሉ ልጆች፣ ፈጠራ ነው የምትሉ ከዚሁ ተመለሱ። በዚህ ዕድሜዬ ለማንም ተረት አልፈጥርም... ቆሜ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው የልጅ ልጄ የሚጣ ቤተ ሙከራ።

ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም ነበር። አለቃዋ ግን «ዛሬውኑ ነይ» ብሎ ከአልጋ አስነሳት። መድኃኒቷን ይዤ ተከተልኳት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ባዶ በሆነ የብረት በርሜል ውስጥ ጥቂት እንፋሎት ይረጫል። የውሃ ሞለኪውሎች አምስት ስድስት እየሆኑ ይጣበቃሉ። ኤሌክትሮን ሲተኮስባቸው ስክሪኑ ላይ ቀለበት ቀለበት ይወጣል፤ ከቀለበቱ ተነስታ ቅርጻቸውን ታሰላለች።

«እማማ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንፋሎቱን ዘግቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቀለበቱ አልጠፋም።»

አየሁት። እውነትም አለ... ደግሞ እየጠበበ ነው።

«እሰይ! እየጠፋልሽ ነው» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ።

«አይደለም እማማ... ቀለበቱ ሲጠብ፣ ውስጥ ያለው ነገር እያደገ ነው ማለት ነው።»

አለቃዋ ከኋላችን መጣ። ስክሪኑን አየና ምራቁን ዋጠ።

«አየር አስገቢና ክፈቺው» አላት። «እጅሽን ሰደድ አድርገሽ መርጫውን ዳስሺው፤ እያፈሰሰ ይሆናል።»

«ዶክተር... የሆነ ነገር አለ።»

«ክፈቺ አልኩሽ እኮ!»

ልጄ እጇን ወደ መክፈቻው ዘረጋች። ያኔ ደሜ ፈላ።

«አንተ እጅ የለህም? ራስህ ክፈተው!»

«እማማ፣ እርስዎ ይሄ ነገር አይገባዎትም...»

«በደንብ ነው የሚገባኝ! ያንተ እጅ ብርቅ፣ የእሷ የወደቀ ዕቃ ነው? ና፣ ክፈታ!»

ቀስ ብሎ...

ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ያውቅ ነበር! ይሄ አረመኔ ያውቅ ነበር!

ሚጣን ጎትቼ ማጥፊያውን በክርኔ መታሁት። ስክሪኑ ጨለመ። የፓምፑ ጩኸት ቆመ።

ጸጥ...

በርሜሉ ላይ አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች። ውስጡ አየር የለም። የሚተነፍስ ነገር ሊኖር አይችልም።

መስታወቱ ከውስጥ በኩል ደበዘዘ። ጠራ። እንደገና ደበዘዘ...

ከዚያ የሆነ ነገር፣ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ ጠረገው።