የጠዋቱ ተረኛ

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ወንድሜ፣ እንቅልፍህን ጥገብ» ብዬ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም ቢሆን የሌላ ሰው ወሬ አላምንም፣ ይሄኛው ግን የራሴ ስለሆነ ምን ላድርገው።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ ሥራዬ በእሳት የተጎዱ ሰዎችን ኦክስጅን ማሽኑ ውስጥ ማስገባት ነው። ላላየው ሰው ምን ልበላችሁ፣ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚገባበት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ረጅም በርሜል በሉት፣ በሩ ይዘጋና ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት ይለቀቅበታል፣ ግፊቱ ኦክስጅኑን ደም በደንብ ወደማይደርስበት የተቃጠለ ሥጋ ያደርሰዋል ነው ነገሩ። ቅባት፣ ብረት፣ ናይለን ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ታማሚው ውስጥ ሆኖ የሚናገረውን ደግሞ እኔ ውጭ በድምፅ ማጉያ እሰማዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ከመካነ ብርሃን ወዲያ መርጌታ ዘለቀ የሚባሉ የብራና ጸሐፊ መጡልን። ከጓደኛቸው ከቄስ ገበየሁ ጋር በአንዲት የሣር ጎጆ ይኖሩ ነበር፣ ኩራዝ ተገልብጦ ጎጆዋ ስትነድ ቄሱ እዚያው ቀሩ፣ መርጌታን ራሳቸውን ስተው ሰው ጎትቶ አወጣቸው። የሚጽፉበት ቀኝ እጃቸው ክፉኛ ተቃጥሏል። ሐኪሙ ሃያ ቀን ሳያቋርጡ ማሽኑ ውስጥ ካልገቡ በቀዶ ጥገና እጃቸው ላይ የተለጠፈው ቆዳ ላይይዝ ይችላል፣ ካልያዘ ደግሞ ጣቶቹ ይቆረጣሉ አለ።

እህታቸው ወይዘሮ አስረስ ወደ ኮሪደር ይዘውኝ ወጡ። «ልጄ፣ ገበየሁ መሞቱን እንዳትነግረው። የሰማ እንደሆን እህል አይቀምስም፣ ከዚያ ነገር ውስጥም አይገባልህ። ሲድን አገሩ ላይ እናረዳዋለን።» ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ የሁላችንም ወግ ነው፣ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን መርጌታ በማሽኑ በር ላይ ቆመው «ገበየሁስ የት ነው ያለ?» አሉኝ። ምላሴ ቀደመኝና «እሳቸውማ የጠዋት ተረኛ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት እዚሁ አስገባቸዋለሁ» አልኳቸው። ትኩር ብለው አይተውኝ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ዛሬስ አስገባኸው?» ይሉኛል፣ «አስገባኋቸው» እላለሁ፣ ውሸትም ይለመዳል፣ ለመድኩት።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጠዋት ማንም ሳይገባ የማሽኑ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ትንፋሽ የነካው ይመስል ደብዝዞ አገኘሁት፣ የክረምት ብርድ ነው ብዬ ጠረግሁት። በማግስቱ አንሶላው በግራ በኩል ተጨማዶ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ብቆጣት በሩን ጨርሶ እንዳልነካች ማለችልኝ። መርጌታም ሲተኙ በዚያች ጠባብ ቦታ ግራውን ባዶ ትተው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋሉ። «መሐል ላይ ይተኙ እንጂ አያ መርጌታ፣ እጅዎን ይጫኑታል» ስላቸው «ሸጋ ነው፣ ይበቃኛል» አሉኝ።

በአሥረኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ይወርድ ነበር። መርጌታ ውስጥ ሆነው በግእዝ መጸለይ ጀመሩ፣ ካህናት ሁለት ሆነው እንደሚቀባበሉት አንዱን ስንኝ፣ ቤት የሚሉትን፣ ይሉና ዝም ይላሉ፣ ሌላ ሰው የሚለውን ያህል ጠብቀው ደግሞ ቀጣዩን ይላሉ። ከጓደኛቸው ጋር የለመዱት ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ከዚያ ዝም ባሉበት መሐል ትንፋሽ ሰማሁ፣ የእሳቸው ነው አልኩ፣ ትንፋሹ ግን እየቆየ ቃል ሆነ፣ እመኑኝ፣ ጭስ የበላው ወፍራም ድምፅ የተዘለለውን ቤት ይመልሳል። ተነሥቼ ፊታቸውን አየሁ፣ የመርጌታ ከንፈር ተገጥሟል፣ ዓይናቸው ወደ ግራ ነው፣ ድምፁ ግን አላቋረጠም። በሩን ልክፈት ብል ግፊቱን በአንዴ መልቀቅ ሰው ይጎዳል፣ የግፊቱን መለኪያ እያየሁ እስኪያልቅ ቆምኩ። ሲወጡ አልጠየቅኋቸውም፣ ፈርቼ ነው።

ሃያው ቀን ሞላ፣ ቆዳው ያዘ፣ ጣቶቹም ተረፉ። ወይዘሮ አስረስ ጓዝ ሲሸክፉ እኔ ፋሻ እየቀየርኩ ነበር፣ ጸጸቱ አላስችል አለኝና «አያ መርጌታ፣ ስለ ቄስ ገበየሁ የነገርኩዎት...» ብዬ ጀመርኩ።

«መሞቱን አውቃለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «በክንዴ ላይ ነው ያለፈ። እጄም የነደደ እሱን ስስብ ነው።»

«ታዲያ ምነው በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር?»

«መጀመሪያስ የት እንደተቀበረ ልጠይቅህ ብዬ ነበር፣ አስገባሁት ስትለኝ ደነገጥኩ። ይህ ልጅ ማንን ነው የሚያስገባ አልኩ። በማግስቱ ስገባ ግን እውነትህን ነው፣ አለ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው ሃያውን ቀን የተመላለስኩ።» ከዚያ በዚያ በዳነ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። «እኔስ ነገ አገሬ እገባለሁ። አንተ ግን አስገባሁት አልከኝ እንጂ፣ አንድ ቀን አወጣሁት ብለኸኝ አታውቅም።»

እስከ ዛሬ ክሊኒክ ስደርስ ከሁሉ በፊት የማሽኑን በር ከፍቼ ወደ ጎን እቆማለሁ፣ «ይውጡ አባቴ» እላለሁ፣ አንድ የደከመ ሽማግሌ ለመውጣት የሚፈጅበትን ያህል እጠብቃለሁ። መውጣታቸውን የማውቅበት መንገድ የለኝም፣ በረንዳው ላይ ግን ታማሚ ተራ ይጠብቃል፣ ማስገባት ደግሞ ሥራዬ ነው።