ዳማ የተኛችበት ጎን

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከመሀል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ፣ ይሄን ግን ያየሁት ራሴ ነኝ።

ቤቴ እንጅባራ ዳር ነው፣ ከጎረቤቴ ከየሺ የሚለየን የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ዳማ የምትባለውን ቀይ ውሻ ከቡችላነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ በደጄ ሌላ ትንፋሽ አልነበረም። አምና ክረምት ግን ዳማ አጥሩን በጥፍሯ ፍቃ ቀዳዳ አበጀችና የሺ ዘንድ መዋል ጀመረች፣ የሺ በረንዳዋ ላይ ጋደም ስትል ሄዳ ጭንቅላቷን የየሺ ጎን ላይ ታሳርፋለች፣ ሁልጊዜ በግራ።

«ምን አብልተሽ አባበልሻት?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ኩርፊያሽን ስታበያት ነዋ የመጣችው!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ቆይቶ የዳማ ሆድ አበጠ፣ ያረገዘች መሰለን። ላሜን ሊያይ የመጣው የእንስሳት ሐኪም የከብት እርግዝና የሚያይበትን አልትራሳውንድ ይዞ ስለነበር፣ እስቲ እሷንም እያት አልኩት፣ የሺም መጥታ አጠገባችን ቆመች። ጸጉሯን ላጭቶ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ሲያስኬድ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ቡችላ የለም። ጣፊያዋ ላይ ትልቅ ዕጢ ይታየኛል። ናሙናው ሳይመረመር አፍን ሞልቶ መናገር ባይቻልም ካንሰር ይመስላል።»

«በየት በኩል ነው?»

«በግራ።»

ይሄኔ ዳማ አንገቷን አዙራ፣ እኔን ሳይሆን የሺን አየች፣ የሺም ሳታስበው ግራ ጎኗን ያዘች።

ዳማ ብዙ አልቆየችም፣ አጥሩ ሥር ቀበርናት። የሺ ነገሩ ከንክኗት ባሕር ዳር ሄዳ ተመረመረች፣ ግራ ኩላሊቷ ላይ ዕጢ ተገኘ፣ በጊዜ መጣሽ ብለው አወጡላት። አሁን ላገኘችው ሁሉ «ዳማ ናት ያተረፈችኝ» ትላለች። ያበላኋት እኔ፣ ያተረፈችው እሷን።

ባለፈው ሰሞን በጠራራ ፀሐይ በረንዳዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ አጥሩ ሲፋቅ ሰማሁ። ነፋስ ነው እንዳልል ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ ቀዳዳውንም በአዲስ ቀርከሃ አስደፍኜዋለሁ። ቀጥሎ ጥፍር መሬቱን ቸክ ቸክ አደረገ፣ ከዚያ ቀኝ ጎኔ ላይ አንድ ክብደት አረፈ፣ ይሞቃል። ዓይኔን ስገልጥ ማንም የለም፣ ነጠላዬ ላይ ግን ቀይ ጸጉር ነበር፣ እመኑኝ፣ ያን ዕለት ጠዋት ያጠብኩት ነጠላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትመጣለች፣ ሁልጊዜ በቀኝ።

የሺ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «ምነው ከሳሽ? ባሕር ዳር አብሬሽ ልሂድ?» ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ። ብነግራት ዳማ ወደ እሷ የምትዞር ይመስለኛል።