የአዲሱ ሞተር ድምፅ

መምህር በኃይሉ ሞቶ የተገኘው እንጅባራ ካለው ቤቱ ጓሮ፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚሠራበት ክፍል ወለል ላይ ነው። ግንባሩ ተሰንጥቋል። ጠረጴዛው ላይ የታሰረች ቡጢ የማታህል አዲስ ሞተር አለች፤ የእንጨት ፕሮፔለሯ አንዱ ክንፍ ተሰብሯል። ከዚህ ወዲያ ምን መርማሪ ያስፈልጋል? ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ የገደለው ተሰብሮ የተፈናጠረው እንጨት ነው። እንጨቱን የጠረበው ደግሞ ጓደኛው ሱሀይል ነው።

ኢንስፔክተር ፀጋነሽ ስትደርስ ሱሀይል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አያለቅስም።

«የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ይውሰዱኝ» አላት፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

«ቆይ እንጂ! ለመታሰር ምን አስቸኮለህ?»

ገብታ አየች። ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ዘይት ተረጭቶበታል። የሟቹ ነጭ ጋዋን ግን ንጹሕ ነው።

«ይህ ዘይት ምንድነው?» አለችው ሱሀይልን።

«ጉሎ ነው፤ ከነዳጁ ጋር ይቀላቀላል። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረው መርፌ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል። ሞተሩ ይንተባተባል፣ ዘይት ይተፋል። አምስት ታንክ ነዳጅ እስኪጨርስ መርፌው አይነካም፤ ይህ ገና የመጀመሪያው ላይ ነው። በኃይሉ በዚህ ቀልድ አያውቅም።»

ጎረቤቲቱን እማማ ራሂማን ስለ ሞተሩ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«መጀመሪያ ተንተባተበ። ወዲያው ጥርት ብሎ እሪ አለ። ማሻአላህ፣ ዛሬስ ተሳካለት ብዬ ነበር!»

ሚስቱ ዋጋዬ ገበያ ነበረች። ሬሳውን ያገኘው ሽመክት የሚባል የባጃጅ መካኒክ ነው፤ እሱም የሟቹ ጓደኛ። «ስደርስ ሞቷል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከሰዓት በኋላ ፀጋነሽ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው ከኋላው ይቆማል። በኃይሉ ቆሞ ቢሆን ጋዋኑ ዘይት በዘይት ይሆን ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ እሱ ሞቶ ነበር። ገዳዩ ያስነሳው ጎረቤት እንዲሰማ ነው፤ ከዚያ አጥፍቶ ክንፉን ሰበረ። ግን መርፌውን አጥብቦ ድምፁን አስተካከለ። ዋጋዬ መርፌው የቱ እንደሆነ አታውቅም። ሱሀይል እንደማይነካ ያውቃል። የሚንተባተብ ሞተር እየሰማ እጁን መሰብሰብ የማይችል ማን ነው?»

ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ሽመክት፣ ባጃጅ ጉሎ አይጠጣም። እጅጌህ ግን ጉሎ ጉሎ ይሸታል።»

ሽመክት እጅጌውን አየ። «ስለተገለበጠው ባጃጅ ሊመሰክርብኝ ነበር። ሁለት ሰው የሞተበት። ፍሬኑን ሳልነካ ሠርቻለሁ ብዬ ነው የሰጠሁት። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። በመፍቻ መታሁት።»

«መርፌውንስ?»

«እንጃ። እጄ ነው። እንደዚያ ሲንተባተብ እንዴት ይተዋል?»

ዋጋዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ፍሬኑን ግን ተውከው» አለችው።

ፖሊሶች ሽመክትን ይዘውት ወጡ። ሱሀይል ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ወደ ቤትህ ሂድ፤ እንጨትህ ማንንም አልነካም» አለችው ፀጋነሽ። «አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።» እፎይታው እስኪመጣ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ሞተሩን በእጁ ዳሰሰው፤ ቀዝቅዟል።

«ገና አራት ታንክ ይቀረው ነበር እኮ» አለ።