የፊተኛው ረድፍ ባርኔጣ

ዲዛይነሩ መሞቱ የታወቀው ጭብጨባውን ሊቀበል ሳይወጣ ሲቀር ነው። ሙዚቃው አለቀ፣ ሞዴሎቹ ተሰልፈው ቆሙ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን እስኪያመው አጨበጨበ፤ ሰውየው ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንዲት ልብስ አልባሽ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን የካውያ ክፍል ብትከፍት ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ከባዱ የእንፋሎት ካውያ ከራሱ አጠገብ ወድቋል።

ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰውን ወሬ ነፍታ እብቁን ስለምታስቀር ነው። በማግስቱ ግን ወንፊቷም ራሷም ደክመው ነበር። የፋሽን ሳምንቱ አዘጋጆች አንድም ትርኢት አልሰረዙም። አስከሬን ከተነሳበት ክፍል አጠገብ ከበሮው ይደለቃል፣ ሞዴሎች ይሯሯጣሉ፣ የምትጠይቀው ሰው ሁሉ ስለ ጨርቅ ይመልስላታል። አንጀቷ አሯል።

አዛዡ ደግሞ በስልክ ነገሩን ጨርሶታል።

«የሟቹን ታናሽ ወንድም ይዘናል። ካውያው ላይ አሻራው አለ፣ ከትርኢቱ በፊትም ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጌታዬ፣ በዚያ ካውያ ትናንት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶበታል። አሻራው ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ።»

«ዛሬ ምሽት ይከሰሳል። ነገ እንግዶቹ በሙሉ ወደየአገራቸው ይበራሉ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣሽ አመጣሽ፤ ካላመጣሽ ፋይሉ ይዘጋል።»

ስልኩን ዘግታ ልጁ ወደታሰረበት ጣቢያ ሄደች። ዐይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ምንድን ነው ያጨቃጨቃችሁ?»

«ካፖርት» አላት።

«ሰው በካፖርት ይጣላል?»

«እኛ ሥራችን እሱ ነው፣ እህቴ። የድሮ ካፖርት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ያስጠራው። የአዲስ ልብስ ትርኢት መዝጊያ ላይ አወጣዋለሁ ብሎ ትናንት ጠዋት በልምምዱ ላይ ድርቅ አለ። ሰው ይስቅብናል አልኩት። ‹የካፖርቱ እውነተኛ ባለቤት እዚህ ናት፤ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት አስረክባታለሁ› አለኝ።»

«ማን ናት?»

«ብጠይቀው ሳቀ። ነገር ማንጠልጠል ይወድ ነበር።» እንባው መጣበትና አቋረጠ። «እሱን ልገድል? አባትም ወንድምም የሆነኝን ሰው?»

መርማሪዋ ማባበል አይሆንላትም፤ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

«በትርኢቱ መሀል ካውያ ክፍል ምን ሊሠራ ገባ?»

«የራሱን ትርኢት አይቶ አያውቅም፤ ፈሪ ነው። የመጀመሪያዋን ሞዴል ሸኝቶ እዚያ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ የሚወጣው ለጭብጨባው ነው። ይህን የምናውቅ እኔ፣ ሸንበቆና ባርኔጣዋ ብቻ ነን።»

ሸንበቆ የሟቹ እጮኛ የነበረችው ረጅሟ ሞዴል ናት። መርማሪዋ መስታወት ፊት ተቀምጣ ስትኳል አገኘቻት።

«አዎ፣ ትቶኛል። አዎ፣ ተናድጄበታለሁ» አለች ሸንበቆ ሳትጠየቅ። «ግን መቼ ልግደለው? ከመድረክ ስወርድ ሁለት ሴቶች ያወልቁልኛል፣ ያለብሱኛል፣ ገፍተው ይመልሱኛል። ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን አልሄድኩም።»

ሁለቱ አልባሾች ቃሏን አጸኑላት። ከሁለቱ አንዷ አስከሬኑን ያገኘችው ናት።

«ወደ ካውያ ክፍሉ ሌላ ሰው ሲሄድ አላየሽም?» አለቻት መርማሪዋ።

«በዚያ ትርምስ ማን ሰው ያያል? አንዲት ፀጉሯን ወደኋላ ያስያዘች ሴትዮ አልፋለች። ከእኛው አንዷ ትሆናለች ብዬ ነገሬም አላልኳት።»

ቀጥላ ወደ ሆቴሉ ሄደች። ባርኔጣዋ የሚሏት ስመ ጥር የፋሽን ሃያሲ ናት፤ አንዲት መስመሯ ዲዛይነር ታነሣለች፣ ትጥላለች። ትሪ የሚያህል ጥቁር ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ሳታደርግ ከቤት አትወጣም። ሟቹን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ በትርኢቱ ዕለት ጠዋት ልምምዱ ላይም ተገኝታለች።

«እኔ የፊተኛው ረድፍ መሀል ላይ ነበርኩ» አለች። «አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶኛል፤ ፎቶውም አለ።»

«ትርኢቱን እንዴት አገኙት?»

«እንደጠበቅሁት።»

«መጨረሻ ላይ የወጣው ካፖርትስ?»

«አሮጌ ነገር ነው። ምንም አልተሰማኝም።»

ሃያሲዋን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷም እዚያው ሆቴል አርፋለች። መርማሪዋን ወደ ክፍሏ አስገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ገና እንደተቀመጠች አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ጣለች።

«ይቅርታ፣ ልጄ፣ ጉልበቴ ነው። እንዲህ ካላደረግሁ መቀመጥ አልችልም።»

የለበሰችው ቀሚስ የእጅ ሥራዋ እንደሆነ ያስታውቃል። ኮሌታው ለብቻው የተቀጠለ ሳይሆን ከትከሻው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተቆረጠ ነው። መርማሪዋ እንዲህ ያለ ኮሌታ ጠዋት የሆነ ቦታ አይታለች፤ የት እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣላትም።

«ትርኢቱን አዩት፣ እትዬ?»

«አላየሁም። አሞኝ እዚሁ ተኝቼ ነበር» አለች ሴትዮዋ ወለል ወለሉን እያየች።

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ነፍሱን ይማረውና ሟቹ ነው ደውሎ ነይ ያለኝ። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።»

ከዚህ በኋላ መርማሪዋ የምትሄድበት አጣች። ወደ አዳራሹ ስትመለስ ትናንት ማንም ያልጠበቀው የመድረክ ጀርባ በር ላይ አራት ዘበኞች ተደርድረው መታወቂያ ጠየቋት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና አልፋቸው ገባች። እግሯ ተቃጥሏል፤ ፊት ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር ስታገኝ ሊጀመር የነበረውን ትርኢት እንደማንኛውም ታዳሚ ልታይ ዘፍ አለችበት። እግሯንም አጣመረች።

ከመድረኩ ማዶ፣ ፎቶ አንሺዎች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተደራርበው ከቆሙበት፣ ጩኸት ተነሣ።

«እግር! ሰማያዊ ጃኬት! እግርሽን አውርጂ!»

ግራ ቀኟን አየች። ረድፉ በሙሉ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ሁለት እግሩን መሬት አስነክቶ ተቀምጧል። አፍራ አወረደች። ትርኢቱ እስኪያልቅ የለበሱትንም ያወለቁትንም ሳታይ ደሟ ሲፈላ ቆየ፤ እንዳለቀም የጮኸባትን ፎቶ አንሺ ፈልጋ ያዘችው።

«በሰው ፊት እንዲህ ይጮኻል?»

እሱም ከእሷ የባሰ ተናዶ ነበር። «የፊት ረድፍ ላይ እግር አይጣመርም! መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የጫማሽ ጫፍ ይገባና ፎቶዬን ያበላሸዋል። እዚያ የሚቀመጥ ሁሉ ይህን ያውቃል። ትናንት ደግሞ ጭራሽ ባርኔጣዋ!»

«ባርኔጣዋ ምን አደረገች?»

«ወጉን ለሌሎች የምታስተምረው እሷ ነበረች። የጎረቤቷን እግር በገዛ እጇ ስታወርድልን አይቻለሁ። ትናንት ግን እግሯን አጣምራ ቁጭ። ብንጮህ፣ ብንለምን፣ እሷን እንደምንል እንኳ አልገባትም። ኮርታብናለች አልን።»

የመርማሪዋ ንዴት ባንዴ ጠፋ።

«አሳየኝ፣ ወንድሜ።»

አሳያት። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ጥቁሩ ባርኔጣ ከወንበሩ አለ፣ አንድ ጫማም መተላለፊያው ውስጥ ገብቷል። በመጨረሻው ፎቶ ሸንበቆ አሮጌውን ካፖርት ለብሳ ታልፋለች። ኮሌታው ከትከሻው ጋር አንድ ወጥ ነው፤ ጠዋት ከመድረኩ ጀርባ ተሰቅሎ ያየችው ይኸው ነው። ከኋላዋ፣ ባለባርኔጣዋ ሴት ጣቷን ከመነጽሩ ሥር አስገብታ ዕንባዋን ትጠርጋለች።

አመሻሹ ላይ፣ በሁለት ትርኢቶች መሀል፣ መርማሪዋ ሁሉንም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ፊት ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ታሳሪው ወንድም በሳጅኑ ታጅቦ መጣ። ሸንበቆ፣ አልባሿ፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ተገኙ። አዛዡ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው» ብላ ጀመረች። «ሟቹ የተገደለው ትርኢቱ እየታየ ሳለ ነው። የት እንደሚደበቅ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሸንበቆ ከአልባሾቿ እጅ አልወጣችም። ሃያሲዋ ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ ተባለ። ስለዚህ ወንድምየው ቀረ፤ እኛም እሱን አሰርን።»

«ታዲያ?» አለ አዛዡ።

«ታዲያ አዳራሹ ያየው ባርኔጣና መነጽር ነው፤ ፊት ያየ የለም። በዚያ ወንበር የተቀመጠችው ሴት ሲጮኹባት እንኳ እግሯን አላወረደችም። ሃያሲዋ ይህን ወግ ለሌላው ያስተምራሉ። እንግዲህ የተቀመጠችው ወጉን የማታውቅ፣ ትርኢት አይታ የማታውቅ ሰው ናት።»

«አሞኝ ነበር» አለች ሃያሲዋ። «በሕመም እግር ማጣመር ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን ካፖርቱን ሲያዩ ምንም አልተሰማኝም ብለውኛል። የተቀመጠችው ሴት ግን አልቅሳለች፤ ፎቶው እነሆ። ካፖርቱ መጨረሻ ላይ እንደሚወጣ እርስዎ ትናንት ጠዋት በልምምዱ ላይ ሰምተዋል፤ ሲወጣ ግን አላዩትም። አሁን ባርኔጣዎንና መነጽርዎን ያውልቁልኝ።»

ሃያሲዋ አልተንቀሳቀሰችም። ቀስ ብላ እጇን ሰድዳ ባርኔጣውን ያነሣችላት ታላቅ እህቷ ናት። መነጽሩን ራሷ አወለቀችው። ፀጉሯ ወደኋላ ተይዟል፤ የደከማት አንዲት ተራ ሴት ሆነች።

«እሷ ናት» አለች አልባሿ። «ወደ ካውያ ክፍሉ ያለፈችው።»

«ሁላችሁም የምታውቁት ባርኔጣውን ስለሆነ ባዶ ራሷን ብትሄድ የሚያውቃት አልነበረም» አለች መርማሪዋ። ወደ ታላቂቱ ዞረች። «እትዬ፣ የቀሚስዎ ኮሌታና የካፖርቱ ኮሌታ የአንድ እጅ ቅድ ናቸው። ሟቹ የጠራዎት ካፖርቱን ሊያስረክብዎት ነበር። እዚህ ወንበር ላይ የነበሩትም እርስዎ ነዎት።»

«ራሴን ፈልጦኛል አለችኝ» አለች ታላቂቱ በቀስታ። «ብርሃኑን አልቻልኩትም፣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ግን ያሙኛል፤ ተቀመጪልኝ፣ ለማንም አትንገሪ አለችኝ። ሲያልቅ ሽንት ቤት ተገናኝተን ዕቃዋን መለስኩላት። ለዚህ መሆኑን ባውቅማ…»

ሃያሲዋ የሰማችም አትመስልም። «ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለች። «እትዬ የካፖርቱን ንድፍ አስቀምጪልኝ ብላ ሰጥታኝ ነበር። እኔ ለእሱ ሰጠሁት፣ እወደው ስለነበር። ለእሷ ጠፋ አልኳት። እየሰፋች ያስተማረችኝን ሴት ሰረቅኋት። እሱ ሸመገለና ሕሊናው ቆረቆረው፤ በሰው ሁሉ ፊት ሊናገር ቆረጠ። ዓለም ይስማው፣ ግድ አልነበረኝም። እሷ እንዳትሰማ ብቻ ነበር የፈለግሁት። እምቢ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠኝ ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

ሳጅኑ የወንድምየውን ካቴና ፈታለት። ልጁ ግን አልተነሣም። አንጓውን እያሻሸ፣ ሃያሲዋን እያየ ተቀምጦ ቀረ።

«ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ» አለች ታላቂቱ።

ሃያሲዋ ዞረች። «ምኑን?»

«ካፖርቱን። መጽሔት ላይ ሲወጣ አየሁት። የገዛ እጄ ይጠፋኛል? ለምትወደው ሰው ሰጥታው ነው ብዬ ተውኩት። እንዳትሸማቀቂብኝ ብዬም አንድ ቀን አላነሣሁብሽም። ትናንት ያለቀስኩት አምሮ ስላየሁት ነው፤ እንዲህ በብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር።»

መርማሪዋ ሥራዋን ጨርሳለች፤ ንጹሑ ሰው ተፈትቷል፣ አዛዡም ሰዓቱን ማየት ትቷል። ደስታው ግን ጨርሶ አልመጣም። የሚጮህበት ሰው ባገኘች ትጮህበት ነበር።

«ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሃያሲዋ። ድምጿ የሕፃን ሆኗል።

ታላቂቱ የእህቷን ባርኔጣ ጉልበቷ ላይ እንደያዘች አየቻት።

«አንቺስ?» አለቻት።