ዶሮ የሚባርክ ጠፍቶ

የትንሣኤ ዋዜማ ነው። ፍቅርተ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፋ ደጇ ላይ ቆማለች። ዶሮውን ይባርክላት የነበረው የመጨረሻ ልጇ ታምራት ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄዷል። ሴቶቹ ልጆቿ ቀድመው ተድረዋል፤ ባሏም ካረፈ ቆይቷል። በደብረ ታቦር ደግሞ ዶሮ ሴት አታርደውም።

አንድ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ሲያልፍ አየችና «ወንድሜ!» ብላ ተጣራች። ዶሮው ይህን ጊዜ ከእቅፏ አፈትልኮ በሰውየው እግሮች መካከል ሾለከ! ሰውየው ጋቢውን ጥሎ፣ አጥር ለአጥር አባሮ ያዘው።

«ቢላዋ... አለዎት?» አለ እያለከለከ።

ፍቅርተ ሳቋ አመለጣት።

ባርኮ ሲጨርስ አልሄደም።

«ብልቱን ላውጣልዎት?»

«እርስዎ? ወንድ ነዎት እኮ!»

«እስከ ዛሬስ ነኝ።»

ተቀምጦ አንድም ሳያበላሽ ገነጣጠለው። ፍቅርተ ዓይኗን ከእጁ መንቀል አቃታት።

«ማን አስተማረዎት?»

«ችግር።»

ስሙ አስናቀ ነው። በቅርቡ ከአንበሳሜ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቤት የተከራየ አናጢ ነው።

«እንግዲያው ነገ እዚህ ይፈስኩ። ለአንድ ሰው መሥራት አልለመድኩም፤ ወጡ ይተርፋል» አለችው።

ፊቱ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጭፍግግ አለ።

«ደስ ባለኝ... ግን ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ጎረቤቷ ዘነበች ጭራሽ ነገሩን አባሰችው። «እሱ ግቢ ውስጥ የሴት ቀሚስ ታጥቦ ተሰጥቶ አይቻለሁ» አለቻት።

በማግስቱ ፍቅርተ ወጡን አንድ ጎርሳ ተወችው። ለመሆኑ ባሏ ብልት የሚያወጣላት ሴት ምን ዓይነት ናት? እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነውር የለውም ብላ ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዛ ሄደች።

«ቤቶች!»

በሩ ክፍት ነበር። አስናቀ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ያጎርሳል።

«የሟች ባለቤቴ እናት ናቸው፤ እማማ አሰለፈች» አለ እየተነሣ። «ልጆቼ ሁሉም ወጡ። የቀረነው እኔና እሳቸው ነን።»

ፍቅርተ በሐፍረት የምትገባበት ጠፋት።

«ማነሽ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ።

«ፍቅርተ እባላለሁ።»

«ዶሮ ያመለጠሽ?»

«እማማ!» አለ አስናቀ ደንግጦ።

«ምን ዋሸሁ? ትናንት ከመጣህ ጀምሮ ሌላ ወሬ አለህ?» ወደ ፍቅርተ ዞሩ። «አግባ እለዋለሁ። እርስዎን የምትችል ሴት ከየት ትመጣለች ይለኛል። እግር ብረት ሆኜበት ቀረሁ...»

ፍቅርተ መሶቡን አስቀምጣ እጇን ታጠበችና አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«እኔ ያልቻልኩት ባዶ ቤት ነው እማማ፤ ሰውማ መቼ ከበደኝ!»

አስናቀ አንገቱን ደፋ። ሳህኑን ገፋ አደረገላት።

«የኔንም ወጥ ይቅመሱልኝ።»

ቀመሰችው።

«ጨው በዝቶበታል።»

«አውቃለሁ። ስሠራ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር...»

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ፍቅርተ ለታምራት ደውላ ነገረችው።

«ቅር ይልሃል እንዴ?»

«እማዬ... እዚህ ምግብ በቀረበልኝ ቁጥር፣ ብቻሽን ስትበዪ ነበር የምትታዪኝ። አሁን እፎይ አልኩ።»

ግንቦት ላይ ተጋቡ። አስናቀ እማማ አሰለፈችን አቅፎ ወደ ፍቅርተ ቤት አስገባቸው። ልጆቹ ከየአገሩ ተሰብስበው እልል አሉ። አሮጊቷ የሙሽራዋን ፊት በጣቶቻቸው ዳበሱ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«ተመስገን!» አሉ። «ልጄን ሁለተኛ ዳርኩ።»